ከመቅደስ ውጭ የተለካ ክብ

ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ በችኮላ ስለ ተናገርሁት ቃል ነው። ቃሉ «ይበቃታል» የሚል ነበረ። የተናገርሁትም ለንስሐ ልጄ ለያደታ ሲሆን፣ ነገሩ የሴት ልጁን የዙፋንን ትምህርት የሚመለከት ነበረ።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት፣ ወሩም መስከረም ነው። ያን ጊዜ የአቃቂ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በሁለት ድምፅ ነበረ፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባና በባቡሩ ፉጨት። እኔ በደብራችን ቀዳሽና የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበርሁ። በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን በጣቴ አንጓ ቈጥሬ ስለማወጣ፣ ከዚያ በላይ ያለው የቍጥር ትምህርት ሁሉ ትርፍ ይመስለኝ ነበረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያደታ የሐዲድ ሠራተኞች ካቦ ነው። ከአቃቂ ወንዝ ድልድይ እስከ ቃሊቲ መዳረሻ ያለው ሐዲድ በእርሱ እጅ ነበረ። ብሎን ያስጠብቃል፣ ጠጠር ያስሞላል፣ የኩርባውን አካሄድ እየለካ ያስተካክላል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነው፤ በፊቴ ለንስሐ ሲቀመጥ ግን እንደ ሕፃን ይሆናል።

በመስከረም ሦስት ቀን ከቅዳሴ ስወጣ በቅጽሩ ውስጥ በጥዱ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ።

«መምሬ ተክሌ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ።»

«በል፣ ልጄ።»

«ስለ ዙፋን ነው። አሥረኛን ጨርሳለች። አሁን አሥራ አንደኛ ልግባ ትላለች። እርሱ ደግሞ እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ነው። ማለዳ በሊቶሪና ሄዳ፣ ማታ በሊቶሪና መመለስ አለባት።»

ሊቶሪና የምንለው መንገደኛ ብቻ ጭኖ የሚሮጠውን ፈጣኑን ባቡር ነበረ።

«አንተ የባቡር ሰው አይደለህምን? ባቡር ፈራህ?»

«መምሬ፣ የማያውቅ ሰውማ ተሳፍሮ እንቅልፉን ይተኛል። እኔ እያንዳንዷን ብሎን አውቃታለሁ፤ የትኛዋ እንደምትላላም አውቃለሁ። ልጄ በዚያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ…» ብሎ አልጨረሰውም። «ፋብሪካው አሥረኛ የጨረሱ ሴቶችን ለጽሕፈት ቤት እየቀጠረ ነው። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በጡሩምባ ትሄዳለች፣ በጡሩምባ ትመለሳለች።»

«እርስዋስ ምን ትላለች?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

«ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው?» አልሁት።

«ሁሉንም ትማራለች፤ ልቧ ግን ሒሳብ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ክብ ስትሥል ትውላለች። በምስማር መሬት ላይ ክብ፣ በከሰል ግድግዳ ላይ ክብ። እናቷ በላይነሽ ‹ይህች ልጅ ቤቱን በሙሉ ዓይን በዓይን አደረገችው፤ ልብሴን ስለውጥ እንኳ የሚያየኝ አላጣሁም› እያለች ታማርራለች።»

እኔም ሳቅሁ። ሳቁም ፍርዱን አቀለለብኝ።

«አሥር ዓመት ተምራለች» አልሁት። «ማንበብ፣ መጻፍ፣ መደመር፣ ማካፈል ታውቃለች። ክብ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? ይበቃታል።»

የንስሐ አባት ቃል በእኛ ዘንድ ተራ ምክር አይደለም። ያደታ መስቀሌን ተሳልሞ፣ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ቀለል ብሎት ሄደ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

በሚቀጥለው እሑድ ዙፋን ራስዋ መጣች። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበረ፤ እንደ አባቷ ረዥም፣ እንደ እናቷ ቀጭን። ነጠላዋን አጣፍታ መስቀል ተሳለመች፤ ከተሳለመች በኋላ ግን አልሄደችም።

«መምሬ፣ እርስዎ እንደ ፈረዱ አባባ ነገረኝ።»

«አልፈረድሁም፤ መከርሁ እንጂ።»

«ለአባባ አንድ ነው።» እንባም ቍጣም በፊቷ ላይ አልነበረም። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ? እርስዎ ባሕረ ሐሳብ ሊማሩ ሲነሡ ‹ይበቃሃል› ያለዎት ሰው ነበረ?»

«ነበረ። አባቴ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አገር ላገር የዞረ የቆሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዳዊቴን በአኮፋዳ ይዤ ከቤት ጠፍቼ ነበረ።

«ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አልኋት።

ሄደች። የዚያን ዕለት ጸሎቴ ሁለት ጊዜ ተሳሳተብኝ።

በዚያው ወር ሌላ ሐሳብ ነበረብን። የደብራችን ቤተ ክርስቲያን አባቶች እንደ ሠሩት ክብ ነው። በመካከሉ ታቦቱ የሚያርፍበት አራት ማዕዘን መቅደስ አለ፤ ዙሪያውን ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ይከቡታል፤ ሁሉን የሚያቅፈው የውጭው ክብ ግድግዳ ነው። በክረምቱ ዝናም ያ የጭቃ ግድግዳ ከነጣሪያው ወረደ። መቅደሱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ ጊዜያዊ ቆርቆሮ አለበስነውና፣ ታቦቱ ከመንበሩ ሳይነሣ አዲስ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከቀድሞው ሰፋ ተደርጎ፣ ዙሪያውን እንዲሠራ ተስማማን። የመሠረቱ ድንጋይ በመስከረም ሃያ አንድ፣ በእመቤታችን በዓል፣ እሑድ እንዲቀመጥ ቀን ተቈረጠ።

ሥራው የተሰጠው ለፈየራ ነው። ፈየራ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ዕረፍት የማያውቅ ግንበኛ ነበረ። ክብ ቤት ሲሠራ መካከሉ ላይ ችካል ይተክላል፣ ገመድ ያስራል፣ ገመዱን ወጥሮ ይዞራል፤ አለቀ። እዚህ ግን መካከሉ መቅደስ ነው፤ ወደ መቅደስ ደግሞ ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚገባ የለም።

«መምሬ፣ እኔ አልገባም፤ እርስዎ ይግቡና የገመዱን ጫፍ ይያዙልኝ» አለኝ።

«የት ላይ ቆሜ? መካከሉ ላይ ያለው እኮ መንበሩ ነው። በመንበረ ታቦት ላይ ገመድ አስሬ ካንተ ጋር ልጓተት?»

«ይፍቱኝ፣ አላሰብሁትም» ብሎ አማተበ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ለነገሩ ግድግዳው መች ገመድ ያሳልፋል» ብሎ ራሱን አጽናና።

ከዚያ በኋላ ያደረገው፣ ማንም ከፈሪሃ እግዚአብሔር የተነሣ የሚያደርገው ነው። ወደ መካከሉ መግባት ስላልቻለ፣ ከመቅደሱ አራት ማዕዘኖች አጠገብ አራት ችካሎች ተከለና ገመዱን ከአራቱም አዞረ፤ የተረፈውን በዓይኑ አገናኘው። ጉድጓዱ ተቈፈረ። እኔም ወንጌል አንብቤ ባረክሁት። ቅርብ ቆሞ የሚያይ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ መቅደሱ ሌላውን ይጋርዳል። ስለዚህ ማናችንም ስሕተቱን አላየንም።

ያየው ያደታ ነው። መስቀል በዋለ ማግሥት፣ ሐሙስ፣ ከሥራ ሲመለስ ዙፋንን አስከትሎ ሊሳለም መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በሐዲድ ላይ እንደሚሄድ፣ የጉድጓዱን ዳር ይዞ ዞረ። ሁለተኛም ዞረ።

«ፈየራ፣ ይህን ማን ቈፈረው?»

«እኔ ነኛ። ምን ጐደለው?»

«ባቡር ቢሄድበት መንገደኛውን ሁሉ ጠራርጎ ወንዝ ይጨምረዋል።»

«ማን ባቡር ይሂድበት አለህ? ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ!»

«ይዞራል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይዞራል። አራት ጉንጭ አለው፣ ፈየራ።»

«የአንተን ጉንጭ አይተህ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ያደታ አልሳቀም። ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። ርዝመቱ አራት ሜትር ነው፤ በመካከሉ ላይ ቋጠሮ አለው። ሁለት ሠራተኞች ጫፍና ጫፉን በጉድጓዱ የውጭ ጠርዝ ላይ እንዲይዙ አደረገና፣ ከቋጠሮው እስከ ጠርዙ ያለውን በእጁ ስንዝር ለካ። በማዕዘኑ ትይዩ ሁለት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ዐሥር እርምጃ ርቆ ሲለካ፣ ሲባጎው ጠርዙን ይዞ ተጋደመ፤ ጣት የምታህል ክፍተት እንኳ አልነበረም።

«ኩርባ ደኅና የሚሆነው በሁሉም ቦታ እኩል ሲለካ ነው» አለ ያደታ፣ አሁን በሐዘን። «በዚህ ላይ የቆመ ግድግዳ የጣሪያው ወራጅ አይስማማለትም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ያጥራል።»

ፈየራ መዶሻውን አስቀመጠ። እሑድ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እኔ የባረክሁትን ጉድጓድ አየሁ፤ መካከሉንም አየሁ፤ መውጫ አልታየኝም።

በዚህ ጊዜ ዙፋን ከሴቶች መቆሚያ በኩል ተንበርክካ በምስማር መሬት ላይ ትሥላለች።

«ጀመረች ደግሞ» አለ አባቷ በቀስታ፣ እንዳይሰማባት እየፈራ።

ፈየራ ሰምቶ ኖሮ ዘወር አለ። «ልጄ፣ መሬት ላይ ክብ መሣልማ እኔንም አያቅተኝም። መካከሉን ስጪኝ እንጂ!»

«መካከሉ አያስፈልግም፣ ጋሼ ፈየራ።»

«ምን?»

ብድግ ብላ አቧራውን ከጕልበቷ አራገፈች። «ክቡን ለማግኘት ወደ መካከሉ መግባት አያስፈልግም። ከውጭ ሆኖ ይገኛል።»

ይህች ቃል ወደ ልቤ ገባች። አርባ ዓመት በዚያ መቅደስ ደጅ ቆሜ ስለ ቅድስናው አስተምሬአለሁ፤ ክብሩ ከውጭ ሆኖ እንደሚለካ ግን ከአንዲት ተማሪ ሰማሁ።

«አስረጂን» አልኋት።

እንዲህ አለች። «ከመቅደሱ አራት ግድግዳዎች ከእያንዳንዳቸው ወገብ ተነሥታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውጭ ዐሥራ አራት ክንድ ለኩና አራት ችካል ትከሉ።»

«ይህንንማ አደርገዋለሁ» አለ ፈየራ። «በችካሎቹ መካከል ያለውስ?»

ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች። አጥፋ አጥፋ ቀጥ ያለውን ማዕዘን አወጣች፤ ያንኑ ደግሞ ለሁለት አጠፈችው። «ሁለት አጫጭር ጣውላዎች በምስማር አያይዙልኝ፤ በመካከላቸው ያለው አከፋፈት አንድ ቀጥ ያለ ማዕዘንና ከዚያ ላይ ግማሹ ይሁን። ጋሼ ፈየራ፣ በክብ ላይ የቆመ ሰው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ችካሎች ሲመለከት፣ በመካከላቸው ባለው ክብ ላይ እስከ ሄደ ድረስ፣ ወደ ቀኝም ቢሄድ ወደ ግራም ቢሄድ፣ ያ አከፋፈት አይለወጥም። ወደ ውስጥ ሲገባ ይሰፋበታል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ይጠብበታል። አንደኛው ጣውላ ወደ አንደኛው ችካል፣ ሁለተኛው ወደ ሁለተኛው ሲያመለክት፣ የቆመበት ቦታ ክቡ ነው።»

«ይህን ማን አለ?» አለ ፈየራ።

«የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ።»

«አሥረኛ ክፍል ግድግዳ ሠርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ዙፋን፤ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ መጣ። «እርስዎም አሥረኛ ክፍል አልገቡም። ነገ ሁለታችሁን እናስተዋውቃችሁ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ፈየራ ራሱ ነው። ያደታ ግን አንገቱን ደፋ። ልጁ በሽማግሌዎች ፊት እንዳታፍርበት የፈራ አባት ነበረ።

«ይሞከር» አልሁ።

ዓርብ ማለዳ፣ የፋብሪካው ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት፣ አራቱ ችካሎች ተተክለው ነበር። ዙፋን ጣውላዎቹን በደረቷ አጠገብ ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በጠዋቱ ጭቃ ላይ በዝግታ ትሄዳለች። ፈየራ ቀጫጭን ችካሎች በክንዱ ታቅፎ ከኋላዋ ይከተላል።

«ትንሽ ወደ ኋላ… አሁን ወደ ቀኝ… እዚህ!»

ፈየራ ይመታል።

«አንድ እርምጃ… በዛ… እዚህ!»

«ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ!» አለ ፈየራ ላቡን እየጠረገ። «ባለቤቴ እንኳ እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም።»

ፀሐይ ወጣ ስትል ስድሳ ያህል ችካሎች በመቅደሱ ዙሪያ ቆመው ነበረ። ወደ ውስጥ አንድ እግር የገባ የለም፤ መንበሩን የነካ ገመድ የለም።

ያደታ ሲባጎውን አወጣ። እንዲለካ ያዘዘው አልነበረም። በመጀመሪያው ቦታ ጐንበስ ብሎ ለካና፣ «ስንዝር» አለ። ጥቂት ተራመደ። «ስንዝር።» እንደገና ተራመደ። «ስንዝር።» የሰሜኑን ወገን ከጨረሰ በኋላ መናገሩን ተወ፤ እየለካ ቀና ሲል የተዘረጋ መዳፉን ብቻ ያሳየናል። በምሥራቅ በኩል በደረሰ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ዙፋን» አላት። «ይህን ሲባጎ እኔ አሳይቼሽ አላውቅም።»

«ሁልጊዜ ኪስዎ ውስጥ ነው እኮ፣ አባባ። ሕፃን ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎ ኩርባው ላይ ሲለኩ አይ ነበረ። ለምን እንደሚለኩ ግን ስለ ክብ እስክንማር ድረስ አልገባኝም ነበረ።»

«እኔም አልገባኝም ነበረ» አለ ያደታ። «ሃያ ሁለት ዓመት ለካሁ። እኩል ከሆነ ባቡሩ በደኅና እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ለምን እንደ ሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።»

ከአጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። በጣቷ መሬት ላይ እየሣለች፣ እርሱም እያቋረጠ እየጠየቀ፣ ሁለቱ ራሶች ተጠጋግተው ቆዩ።

ያቋረጣቸው ፈየራ ነው። «እሺ፣ ግድግዳውስ ሆነ። ጣሪያውስ? ወራጆቹ ሁሉ ጕልላቱ ሥር እንዲገናኙ ስንት ስንት ክንድ ልቍረጣቸው? ምን ያህልስ ይጋደሙ? ይህንን ንገሪኝና ልረፍ።»

ዙፋን እየሣለች የነበረውን በመዳፏ አጠፋችው።

«እርሱን አላውቅም፣ ጋሼ ፈየራ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ነው።»

ፈየራ ከጉዳዩ አንዳች አያውቅም ነበረ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ጣሪያው የሚመጣው ዓመት ነው! ተማሪና ትነግሪናለሽ!»

ዙፋን መሬት መሬቱን አየች። ያደታ እኔን አየኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በብዙ ሕዝብ ፊት ቆሜ ሰብኬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፌ የከበደኝ ጊዜ የለም።

«ያደታ» አልሁት፣ ሁሉ እየሰማ። «‹ይበቃታል› ብዬህ ነበረ። ይበቃል የሚል ሰው ቢያንስ ምን ያህል እንደ ቀረ ማወቅ ነበረበት። እኔ ምን እንደ ያዘች አልጠየቅሁም፤ ምን እንደ ቀረም አላወቅሁም። ባሕረ ሐሳብን ለመማር ከአባቴ ቤት የጠፋሁ ሰው ነኝ፤ የእርስዋን በር ግን ሳቅ እያልሁ ዘጋሁት። ቃሌን አነሣለሁ። በችኮላዬም ስለ በደልኋችሁ በራሴ ላይ አርባ ስግደት አዝዣለሁ። ይቅር በሉኝ።»

«መምሬ፣ እርስዎ እንዴት እንዲህ ይላሉ» ብሎ ያደታ ተነሣ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃልዎ ተነሣ፤ ፍርሃቴ ግን አልተነሣም። ምን ላድርገው?»

የመለሰችለት ልጁ ናት።

«አባባ፣ ኩርባውን የሚለካው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያ እኔ ምን እፈራለሁ?»

ያደታ ሲባጎውን በጣቶቹ ላይ ጠመጠመ፤ ፈታ፤ ደግሞ ጠመጠመ። በመጨረሻ፣ «ማለዳ ቍርስ ሳትበዪ አትሄጂም» አላት። እናቷ በላይነሽ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ በያደታ አነጋገር ከዚህ የጠነከረ እሺታ የለም።

የደብሩ ሰው ከቀትር በኋላ በአንድነት ወጣ። አሮጌው ጉድጓድ ተሞላ፣ አዲሱ እስከ ምሽት ተቈፈረ። እሑድ የመሠረቱ ድንጋይ በቦታው ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ሳልባርክ በፊት ያደታ እንዲለካ ጠየቅሁት፤ ፈየራም «መምሬ ተማሩ» ብሎ ሳቀብኝ።

ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው ሰኞ ነበረ። እኔ ከዙፋን ጋር ልሄድ ተነሣሁ፤ ዲሬክተሩ የሚያስመዘግባት ሰው ይፈልግ ይሆናል ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያ የዘጋሁት በር ሲከፈት ማየት ስለ ፈለግሁ ነው። ያደታ በጣቢያው አልነበረም። «ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ ወጣ፤ ሐዲዱን ሊያይ ነው» አለችን በላይነሽ፣ የቋጠረችውን ዳቦ ለልጇ እያቀበለች።

ሊቶሪናው አቃቂን ለቀቀ። ቃሊቲ ከመድረሳችን በፊት ያለው ትልቁ ኩርባ ላይ ስንቃረብ ዙፋን ከመቀመጫዋ ተነሥታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ያደታ ከሐዲዱ ዳር በጠጠሩ ላይ ቆሞ ነበረ፤ ጫማው በጤዛ ርሷል፤ ሲባጎው በግራ እጁ ተንጠልጥሏል። እኛ ያለንበት ሠረገላ በፊቱ ሲያልፍ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን ዘረጋ።

ዙፋንም የራስዋን ስንዝር ዘርግታ ከመስኮቱ አወጣች። ባቡሩ ኩርባውን ያለ አንዳች መንገጫገጭ ዞረ።